የእትዬ ዘይነባ ልብ ምርመራ

ሥራ የጀመርኩት በጃንሆይ ዘመን፣ አብነት አካባቢ በነበረ አንድ ክሊኒክ ነው። የመጀመሪያው ቀን ዋናዋ ነርስ ሲስተር አልማዝ ነጭ ጋዋን ሰጡኝና የልብ ምት መመዝገቢያው መኪና ወዳለበት ክፍል ወሰዱኝ።

«ይቺን መኪና መርካቶ ሁሉ ይፈራታል» አሉኝ። «እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ።»

ያን ዕለት የገቡት ሸማ ተራ ድርና ማግ የሚሸጡት የወሎዋ እትዬ ዘይነባ ነበሩ። ልባቸው ድንገት እየተንደረደረ ሱቅ ውስጥ ወድቀው ያውቃሉ። ባለቤታቸው ጋሽ ይመር በሩ ላይ ይንቆራጠጣሉ።

የእጃቸውን ማሰሪያ አስሬ ሽቦውን ሳነሳ፣ «ኮረንቲ ነው አይደል?» አሉኝ። መልሴን አልጠበቁም። ማሰሪያውን ፈተው ከአልጋው ወረዱና ወጡ።

ምሳ አልበላ አለኝ። መንገድ ላይ ቢወድቁስ? ጋዋኔን አውልቄ ሸማ ተራ ወረድኩ።

«እትዬ፣ መኪናዋ የልብዎን ምት ትመዘግባለች እንጂ ኮረንቲ አትለቅብዎትም። እጅና እግርዎ ላይ ማሰሪያ፣ ደረትዎ ላይ የሚቀዘቅዝ ቅባት ይደረጋል። ሳይናገሩ ጥቂት ይተኛሉ። አያምም።»

«ልቤ ቀጥ ቢልስ?»

«እኔ አጠገብዎ ነኝ።»

በማግስቱ መጡ። ሰውነታቸው ስለተንቀጠቀጠ የመኪናዋ ብዕር ወረቀቱን ሞነጫጨረው። ብርድ ልብስ ደረብኩላቸውና ትንፋሻቸው እስኪረጋ ጠበቅኩ። መስመሩም ረጋ። ሐኪሙ አይተው ደህና ነው አሉ።

«ታዲያ ዋሽቼ ነው?» አሉ እትዬ ዘይነባ ተቆጥተው።

«አልዋሹም። ወረቀቱ የሚያሳየው ልብዎ አሁን የሚያደርገውን ብቻ ነው። ሲነሳብዎ ወዲያው ይምጡ» አሏቸው ሐኪሙ።

ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር እደነግጥ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጋሽ ይመር ደግፈዋቸው ገቡ። ላብ አጥምቋቸዋል።

«ቶሎ በይ ልጄ፣ ሳይተወኝ!» አሉኝ፤ እጅጌያቸውን ራሳቸው ሰብስበው ተኙ።

ብዕሩ እየዘለለ ምቱን አንዴ አጥብቦ አንዴ አራርቆ ጻፈው። ሐኪሙ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩና «አገኘነው» አሉ። መድኃኒት ጀምረውላቸው ትልቅ ሆስፒታል ላኳቸው። ድነው ሱቃቸው ተመለሱ።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ ማሰሪያውን ከማሰራችሁ በፊት የሚሆነውን ሁሉ ለታማሚው ንገሩት። ወረቀቱ አንድ ጊዜ ደህና መውጣቱ ሕመም የለም ማለት እንዳልሆነም ንገሩት።