አባቴ የተናገሩበት ጠዋት

እስራኤል አገር፣ ሃይፋ በገባን በሁለተኛው ዓመት አባቴ ካንሰር ተገኘባቸውና ማንቁርታቸው በቀዶ ጥገና ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሚተነፍሱት አንገታቸው ስር በተከፈተች ቀዳዳ ነበር። ጎንደር ሳለን መንደሩ ሲጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ነበሩ። ድምፃቸው ከጠፋ ወዲህ ግን የሚፈልጉትን በእጃቸው ያሳዩን ነበር፤ ካልገባን ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

ከወራት በኋላ ሐኪሞቹ በአየር ቧንቧቸውና በምግብ ቧንቧቸው መካከል ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ አስገቡላቸው። አየር ስበው ቀዳዳዋን በአውራ ጣት ከደፈኑ፣ ትንፋሹ በቱቦዋ አልፎ ድምፅ ይሆናል ተባለ። በሚፈተኑበት ጠዋት ላስተረጉምላቸው አብሬያቸው ሄድኩ።

የንግግር ሐኪሟ በዕብራይስጥ፣ "ቀዳዳውን ይድፈኑና 'አ' ይበሉ" አለች። ተረጎምኩ። አባቴ ጣታቸውን አስጠጉና መለሱት። እንደገና ሲሞክሩ አየሩ በጣታቸው ጎን ሽው ብሎ ወጣ። በሦስተኛው ሙከራ ሳል አጣደፋቸው፤ ፊታቸው በላብ ራሰ። ሐኪሟ ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች።

"ምንድን ነው የጻፍሽው?" አልኳት።

"ቤሰደር፣ ቤሰደር፤ ደህና ነው፤ አትጨነቂ" አለችኝ፤ አነጋገሯ ግን አላሳመነኝም።

"አባዬ፣ እታፈናለሁ ብለው ፈርተው ነው?"

እጃቸውን አወናጨፉ። መጀመሪያ ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ በሩ ጠቆሙ። ያን ጊዜ ገባኝ። ቤት ውስጥ ያቺን ቀዳዳ የሚያጸዱት ብቻቸውን፣ በር ዘግተው ነበር። እኔ ልጃቸው አንገታቸው ተገልጦ እንዲህ ሲታገሉ ማየቴ አሳፍሯቸዋል። ብወጣ ደግሞ ማን ያስተረጉማል? ወንበሬን አዙሬ ፊቴን ለግድግዳው ሰጠሁ።

"በሉ አባዬ፣ አላይም።"

 ግድግዳውን እያየሁ ጠበቅሁ። ድንገት ከጀርባዬ ወፍራም፣ የሚንገራገጭ የወንድ ድምፅ ተሰማ። ሌላ ሰው የገባ መስሎኝ ልዞር ስል፣ ያው ድምፅ፣ "እንዳትዞሪ!" አለኝ።

"ምን አሉ? ምን አሉ?" አለች ሐኪሟ።

"ተቆጡኝ" አልኳት፤ እንባዬ ቀድሞኝ ነበር። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ እንዲቆጥሩ ጠየቀቻቸው። እስከ ስድስት ደረሱ።

ሰፈራችን ኔቬ ዮሴፍ፣ ቤት ስንደርስ አባቴ ከበር ሳያልፉ ጣታቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው እናቴን፣ "እንዴት ዋልሽ?" አሏት። እናቴ ደነገጠች።

"ይሄ የእርስዎ ድምፅ አይደለም" ብላ አለቀሰች።

አባቴ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ያለኝ ይኸው ነው፤ ልመጂው።"

ብዙ ሳምንት ፈጀባት። ክረምቱ ሳያልቅ ግን ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ከግድግዳው ማዶ እሰማቸው ጀመር።