ጫፉ በግራ የሚወጣ አንሶላ

እትዬን የማያውቅ ሰው ያንን ሆስፒታል አላውቀውም ቢል ይሻለዋል። ሐኪሙ ይቀያየራል፣ ሥራ አስኪያጁ ይሾማል ይሻራል፤ እሳቸው ግን ምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአንድ ረጅም ጠረጴዛ ራስጌ ቆመው ኖረዋል። የመዝገብ ስማቸው በደመወዝ ወረቀት ላይ ይኑር እንጂ በሰው አፍ ላይ አልነበረም። ከዘበኛው እስከ ዋናው ሐኪም፣ በዕድሜ የሚበልጣቸው ሳይቀር፣ «እትዬ» ይላቸዋል። ባለቤታቸው፣ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር፣ «በስሟ የምጠራት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱንም ስንጣላ ነው» እያሉ ይቀልዳሉ።

የክፍሉ ሙቀት ለጉድ ነው። ሦስት ማጠቢያ ማሽን፣ ሁለት ማድረቂያ፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል ካውያ፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ አንዲት ጠባብ መስኮት። በመስኮቷ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። አሥራ አራት ሴቶች እዚያ ይሠራሉ። የክፍሉ ጌጥ ግን ማሽኑ አልነበረም፣ ጠረጴዛው ነበር። የኦፕራሲዮን አንሶላ የሚታጠፈው እሱ ላይ ነው።

መቼም «ማጠፍ ደግሞ ምን ሙያ ነው?» የሚል አይጠፋም። እትዬ ፊት እንዲህ ያለ ሰው ጉዱ ፈላ። ለኦፕራሲዮን የሚሆነው አረንጓዴ አንሶላ እንደ ቤት አንሶላ አይታጠፍም። አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እየተመላለሰ ይደራረብና አንዲት ጫፍ ብቻ ብቅ ብላ ትቀራለች። ከዚያ ተጠቅልሎ ጀርሙ እንዲሞት በእንፋሎት ይመክናል። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ነርሷ ያቺን ጫፍ በአንድ እጇ ስትስባት አንሶላው በራሱ ጊዜ ታማሚው ላይ ይዘረጋል። መሃሉን፣ ሐኪሙ የሚቆርጥበትን ቦታ፣ የማንም ጣት አይነካውም። ጣት የነካው እንደሆነ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ነው። «ሐኪም የሚቆርጠው እኛ አጥፈን ስናበቃ ነው» ይላሉ እትዬ፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው።

ከሴቶቹ ሁሉ በኋላ የተቀጠረችው ግራዬ ናት። የምትሠራው በግራ እጇ ስለሆነ ነው እንዲያ የተባለችው። ስታጥፍ ጫፉ በግራ በኩል ይወጣል። እትዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ እያፈረሱ እንደገና አሳጠፏት። «ልጄ፣ እዚህ ቤት ጫፍ የሚወጣው በቀኝ ነው» ይሏታል። ልጅቷም እንባዋን በክንዷ እየጠረገች እንደገና ታጥፋለች። አንድ ቀን የኦፕራሲዮን ክፍሏ ሲስተር ደረጃውን ወርዳ መጣችና፣ «በግራ የሚሳብ አንሶላ ደርሶኛል፤ ማናት ያጠፈችው?» ብላ ጠየቀች። አንዱ ሳይፈርስ አምልጦ ሄዶ ኖሯል። እትዬ ቁጣ የመጣ መስሏቸው፣ ልጅቷን ለማዳን፣ «እኔ ነኝ» አሉ።

«ዕድሜ ይስጥልኝ» አለች ሲስተር። «ከአልጋው ማዶ ስቆም የቀኙ ጫፍ እጄን ያጠላልፍብኛል። እባክዎ፣ ግማሹን እንደዚህ ያድርጉልኝ።»

እትዬ ወደ ግራዬ ዞሩ። ከዚያ በሴቶቹ ሁሉ ፊት፣ «እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት» አሉ። «እኔማ ሳፈርስባት ነው የከረምኩት።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጠረጴዛው የሚወጣው አንሶላ ግማሹ ጫፉ በቀኝ፣ ግማሹ በግራ ሆነ። በግራ የምታጥፈው ግራዬ ብቻ ነበረች።

እትዬ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው መንግሥት ወጪ ይቀነስ አለ። የሠራተኛው ደመወዝ ከቆመ አራት ዓመቱ ነው፤ የቤት ኪራይንና ዘይትን ግን ማን ቁሙ ይበላቸው። ወጪ ቀናሽ ተብሎ ከላይ አንድ ወጣት ባለሙያ ተላከ። አንገቱ ላይ የሥራ ሰዓት መለኪያ አንጠልጥሎ ስለሚዞር ሴቶቹ «ባለሰዓቱ» አሉት። ሦስት ቀን ሙሉ ጥግ ይዞ እጃቸውን እያየ ጻፈ። እትዬ ወንበር ሰጡት፣ ሻይ አስመጡለት። «ይሄ ልጅ ድካማችንን አይቶ ይሄዳል» ብለው ነበር። አየ፣ ማየቱንስ አየ። «ከሥራው ሰዓት ከመቶ አርባው በማጠፍ ይባክናል፤ አንሶላው ለሁለት ታጥፎ ቢላክ ይበቃል፤ ስለዚህ ስድስት ሰው ይቀነስ» ብሎ ጻፈ። የስድስቱ ስም ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው ተባለ። የመጀመሪያው ስም የግራዬ ነበር። ከአልጋ የማትነሳ እናቷንና ሁለት ታናናሾቿን የምታስተዳድረው እሷ ናት። ሥራ አስኪያጁ አዲስ መኪና ከተረከበ ገና ወሩ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

ሥራ አስኪያጁ እትዬን ቢሮው አስጠራቸው። «እርስዎን የሚነካዎት የለም። ተቆጣጣሪ ይሆናሉ፣ ደመወዝዎም ከፍ ይላል። ሴቶቹን ብቻ ያረጋጉልኝ» አላቸው።

«ማንን ነው የምቆጣጠረው፣ ማሽኑን?» አሉ እትዬ።

«ጡረታዎ ደርሷል። ያስቡበት።»

«አስቤዋለሁ» ብለው ወጡ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ግን መደገፊያውን ይዘው ቆሙ። ፈሪ አይደሉም፤ ነገሩ ግን ያስፈራል። የሠራተኛ ማኅበሩ የሚያስበው አድማ ከከሸፈ ስድስቱ ይባረራሉ፣ እሳቸውም የሃያ ሰባት ዓመት ልፋታቸውን ይዘው በር ላይ ሊቀሩ ይችላሉ።

ቤት ገብተው ለባለቤታቸው ነገሯቸው። ሾፌሩ ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «ሁለት ዓመት ነው የቀረሽ። ዝም ብትይስ?»

«አንተ አውቶቡስ ስትነዳ ስድስት ተሳፋሪ መንገድ ላይ አራግፈህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አሉ ሾፌሩ። በማግስቱ ጠዋት እትዬ ሲነሱ ጫማቸው ተወልውሎ በሩ አጠገብ ተቀምጦ አገኙት።

የሠራተኛ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ እጅ የቀረ አልነበረም፤ አድማ ይመታ ተባለ። ያን ጊዜ እትዬ ተነሡና፣ «እኔም እስማማለሁ፤ ግን አድማው አለቃ ላይ ነው እንጂ ታማሚ ላይ አይደለም። ምጥ የያዛት እናት ባለሰዓቱን አታውቀውም። ለድንገተኛ የሚሆን አንሶላ አጥፈን ቁም ሣጥኑን ሞልተን ነው የምንወጣው» አሉ። ሴቶቹ አጉረመረሙ። ካውያ ላይ የምትሠራዋ፣ «ካውያዋ» የሚሏት በምላሷ የማትቻለው፣ «ለአድማ ትርፍ ሰዓት የሚሠራ ሰው የት አገር ታይቶ ያውቃል?» አለች። ሁሉም ሳቀ። ቢሆንም ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ በኋላ ያለ ክፍያ እየቆዩ አርባ ጥቅል አጥፈው፣ አስመክነው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ደረደሩ። ከዚያ ማሽኖቹን አጥፍተው ወጡ።

ጣጣውም የመጣው ከዚያው ከቁም ሣጥን ነው። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ሆስፒታሉ ምንም አልጎደለበትም። ሥራ አስኪያጁ በር ላይ በቆሙት ሠራተኞች አጠገብ በመኪናው ሲያልፍ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ፣ «አያችሁ? ያለ እናንተም ይሠራል» አላቸው። ሴቶቹ ጥርሳቸውን ነከሱ። ካውያዋ ወገቧን ይዛ እትዬ ፊት ቆመች። «በገዛ እጃችን ነው አድማችንን የገደልነው። ያ ቁም ሣጥን አይደለም እንዴ ለእሱ የሚሠራለት?» አለቻቸው።

እትዬ እውነቷን ነው ብለው አሰቡ። ወደ ግራዬ ዞር ቢሉ ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ቀርቶታል። ከዚህች ልጅ እንጀራ የራሴን ክብር አስቀደምኩ ይሆን እንዴ ብለው ጠጋ አሏት። «ልጄ፣ አጥፍቼ ከሆነ ንገሪኝ» አሏት። ግራዬም፣ «እናቴ እኔን የወለደችው እዚህ ነው፣ በኦፕራሲዮን» አለች። ካውያዋ እጇን ከወገቧ ላይ አወረደች።

በአራተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ከውጭ በኮንትራት የታጠበ አንሶላ በመኪና አስጭኖ አስመጣ። ልክ እንደ ጥናቱ፣ ለሁለት የታጠፈ። ሲስተር አንዱን ገልጣ አየችና ሁሉንም መለሰችው። «እኔ ይሄን ሰው ላይ አላለብስም» አለች። ቀጠሮ የነበራቸው ኦፕራሲዮኖች ቆሙ። ለድንገተኛ የሚሆነው የእነ እትዬ ጥቅል ብቻ ሆነ፤ በስድስተኛው ቀን ጠዋት የቀረው ሁለት ነበር። ሲስተር በሩ ድረስ ወጥታ ይህንን ስትናገር ሴቶቹ እትዬን አዩ፣ እትዬ የሥራ አስኪያጁን መስኮት አዩ። ሰዓት ሳይሞላ ተወካዮች ይግቡ ተባለ። እትዬ ግራዬን እጇን ይዘው ገቡ።

ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ሥራ አስኪያጁ አለ፣ ባለሰዓቱም ጥናቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ ተቀምጧል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። «ቁጥሩ ግልጽ ነው፣ ማጠፍ ብክነት ነው» አለ።

«የኔ ልጅ፣ ቁጥርህን አልነካብህም» አሉ እትዬ። «ጓንት ብቻ አድርግ።»

ከኮንትራቱ አንሶላ አንዱ ቀረበለት። «ጠረጴዛው ታማሚ ነው። መሃሉን ሳትነካ አልብሰው» አሉት። ባለሰዓቱ ፈገግ ብሎ ተነሣ። በአንድ እጁ ቢይዘው ተንጠለጠለ፣ በሁለት እጁ ቢይዘው ጣቱ መሃሉ ላይ ዋለ። ሊያስተካክል ሲል ሆዱ ላይ ተለጠፈበት፣ አንዱ ጎኑ ወለሉን ጠረገ። ፊቱ ቀላ። የሳቀ የለም።

«አሁን አንቺ» አሉ እትዬ።

ግራዬ ሌላ አንሶላ አንስታ እዚያው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አጠፈችው። እጇ ሲመላለስ የጨርቁ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ጨርሳ ፊቱ አስቀመጠችለት። «ጫፉን ሳብ» አሉት። በአንድ እጁ ሳበው። አንሶላው እየተፈታ ሄዶ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር ለበሰው፤ መሃሉን የነካው ሰው አልነበረም።

«ስንት ፈጀ?» አሉ እትዬ።

ባለሰዓቱ ሰዓቱን ከያዘው ቆይቶ ኖሯል፣ ከልምዱ የተነሣ። «አራት ሰከንድ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ጥናቱን ገለጠ፣ አየው፣ መልሶ ዘጋው። «እኔ የለካሁት እዚያ ታች ያለውን ነው» አለ። «ላይ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ያለውን አልለካሁም።» ያን ልጅ እትዬ እስከ ዛሬ አይቀየሙትም፤ ስህተቱን በአለቃ ፊት የሚያምን ባለሙያ ስንት አለ ይላሉ።

ከሰዓት በኋላ ተፈረመ። የስድስቱ ስም ከሰሌዳው ወረደ። ደመወዝ የተጨመረው ከተጠየቀው ግማሽ ያህል ነበር፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ብለው ተቀበሉት። የተቆጣጣሪነቱ ሹመት ቀረ። ሴቶቹ ቤታቸው አልሄዱም፤ ቀጥ ብለው ምድር ቤት ወርደው ማሽኖቹን አስነሡ። ከቀሩት ሁለት ጥቅሎች በአንዱ ኦፕራሲዮን የሆነች እናት ጠዋቱን ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። ካውያዋ ይህንን ስትሰማ፣ «በሉ እሺ፣ ቁም ሣጥኑን ይቅር ብዬዋለሁ» አለች።

እትዬ ሁለት ዓመታቸውን ጨርሰው ጡረታ ወጡ። ጥቂት ቆይቶ ያን ሁሉ ዘመን ሲቆሙ የኖሩበት እግር ደም ሥሩ አብጦ አላስቆም አላስቀምጥ አላቸው፤ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ተባለ። የሚገርመው፣ አንሶላቸው በየቀኑ የሚገባበትን ክፍል እሳቸው በሃያ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን ገብተውበት አያውቁም። ከወገብ በታች የሚያደነዝዘውን መርፌ ወጓቸውና አስተኟቸው፤ ዓይናቸው ግን እንደነቃ ነው። ሲስተር አፏንና አፍንጫዋን ሸፍና ከአልጋው ማዶ ቆመች። ጥቅሉን ፈታች፣ በአንድ እጇ ሳበች። አረንጓዴው አንሶላ እየተዘረጋ መጥቶ እግራቸው ላይ ዐረፈ። የማንም ጣት አልነካውም።

የእትዬ እንባ በጆሯቸው በኩል ወረደ።

«ምነው፣ አመመዎት?» አለ ወጣቱ ሐኪም።

«የለም» አሉ። «ጫፉ በግራ ነው የወጣው።»

ሐኪሙ ምንም አልገባውም። ሲስተር ግን ጎንበስ አለችላቸው። «የእርስዎ መሆኑን ስትሰማ ለሌላ ሰው አልሰጥም አለች» አለቻቸው። «ሦስቴ አፍርሳ ነው ያጠፈችው።»

«ሦስቴ?» አሉ እትዬ። «አንዴም ይበቃት ነበር።»

ከዚያ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ «በሉ፣ አሁን መቁረጥ ትችላላችሁ» አሏቸው።