ለእውነተኛው በጀት የለም

መንግሥት የፐምፍሪን ወንዝ ሦስት ጊዜ አስተካክሎታል፤ ሦስቱንም ጊዜ ከሥራው እንጀራ የበላው ቨርል ሃስኪንስ ነው።

ገና ጎረምሳ ሳለ የዓሣ ሀብት ሰዎች መጥተው፣ ወንዙ ውስጥ የወደቁት ግንዶች ሳልሞን የተባለውን ዓሣ መንገድ ዘግተዋልና ይውጡ አሉ። ቨርል ቡልዶዘር ላይ ወጥቶ ግንዱን ሁሉ ጠራርጎ አወጣና ወንዙን ቦይ አስመሰለው። ጎልማሳ ሲሆን የእነዚያ ሰዎች ተማሪዎች ደግሞ መጡ። ዓሣው የጠፋው የሚጠለልበት ግንድ ስለሌለ ነው፣ ግንዱ ይመለስ አሉ። ቨርል ግንዱን መለሰ፤ ጎርፍ እንዳይወስደውም በብረት ገመድ ከድንጋይ ጋር ጠፍሮ አሰረው። ፀጉሩ መሸበት ሲጀምር ሦስተኛዎቹ መጥተው፣ ወንዝ ውስጥ የብረት ገመድ ማን አስገባ ብለው ተቆጡ። ቨርል እሱንም ፈታ። መጠጥ ቤት ሲቀመጥ እነዚህን ምሁራን እያነሳ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እሱ ራሱ ግን በሦስቱም ጊዜ፣ ይኼ ነገር ልክ ነው ወይ ብሎ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ቨርል በሕይወቱ ከልቡ የጠላው ነገር ቢኖር ቢቨር ነው። ይህ አውሬ በጥርሱ ዛፍ ገንድሶ ይጥላል፣ በጭቃና በቅርንጫፍ ወንዝ ይገድባል፣ ሰው የደከመበትን የሣር መስክ በሁለት ሳምንት ኩሬ ያደርጋል። ቨርል በወጥመድ እያሳደደ ከፐምፍሪ ዘራቸውን አጠፋ። ቆዳቸውን ጎተራው ግድግዳ ላይ ወጥሮ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያስጎበኛል።

የቨርል ቤት ወንዝ ማዶ ነው። ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣው መሻገሪያ አፈር የለበሰ የብረት ቱቦ ነበር፤ ቱቦው ደግሞ በዝገት ተበሳስቶ ወንፊት መስሏል። ክረምት ሲገባ አፈሩ ይናዳል፤ ጋዝ የሚያመጣው ሹፌር ከወዲያ ማዶ ጥሩንባውን ነፍቶ ይመለሳል። ባለፈው ክረምት ሚስቱ ሎርና ወድቃ ዳሌዋ ሲሰበር፣ አምቡላንሱ አልሻገርም ስላለ ጎረቤቶች በትራክተር አካፋ ላይ እንደ ጠጠር አስተኝተው አሻገሯት። ሎርና ከሆስፒታል ስትመለስ ነገር አላበዛችም።

“የሚመጣው ክረምት ድልድይ ከሌለ እኔ እህቴ ዘንድ ከተማ እገባለሁ” አለችው። “አንተ ከቱቦህ ጋር ኑር።”

ቨርል ደነገጠ። ሎርና ዝታ የቀረችበት ጊዜ የለም፤ እሱም ቢሆን ያለሷ አንድ ክረምት መግፋት እንደማይችል ያውቃል። ድልድይ በራሱ ኪስ የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ የለመደውን አደረገ፤ መንግሥት ዘንድ ሄደ።

እዚያም አዲስ ነገር ጠበቀው። የወንዝ ዓሣና የዱር እንስሳት መኖሪያን ለማስመለስ የሚሰጥ ድጎማ ወጥቷል። የዘንድሮዎቹ ምሁራን እንደሚሉት ሳልሞን የጠፋው ቢቨር ስለጠፋ ነው፤ ጫጩቱ ዓሣ የሚያድገው ቢቨር ባቆረው ኩሬ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቢቨር በሌለበት ወንዝ ሰው ችካል ተክሎ፣ በችካሉ መሀል የአኻያ ቅርንጫፍ ጎንጉኖ፣ “የቢቨር ግድብ መሳይ” ይሠራል። መሳዩን የሚቀበል ባለመሬት፣ አሮጌ ቱቦው የዓሣ መንገድ የሚዘጋ ከሆነ፣ ድልድይ በምርቃት ይሠራለታል። ቨርል ይህን ሲሰማ በደስታ መሬት ጠበበችው። ማመልከቻው ላይ፣ በፐምፍሪ ወንዝ ቢቨር ከታየ ዘመን አልፏል ብሎ ጻፈ። ማን እንዳጠፋቸው የሚጠይቅ ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም።

ሁሉም ነገር ሰመረ። ውሉ ሊፈረም አንድ ጉብኝት ብቻ ሲቀረው፣ ሁለት ቢቨሮች ከየት መጡ ሳይባሉ መጥተው ከቱቦው ዝቅ ብሎ ግድብ ጀመሩ። በድጎማው እንዲሠራ የተባለውን ግድብ፣ ድጎማው ይሠራ ባለው ቦታ ላይ፣ በነጻ።

ቨርል ጉድ ፈላበት። ከሰዓት በኋላ እስከ ወገቡ ውሃ ገብቶ በመንጠቆ ያፈርሳል፤ ጠዋት ሲነሣ ግድቡ ከትናንቱ ጠንክሮ ቆሟል። ወጥመድ እንዳይዘረጋ፣ የምትመጣው የቢሮ ሰው እግር ይገባበታል ብሎ ፈራ። ዕድሜውን ሙሉ ያሸነፋቸው አውሬዎች፣ አሁን ክርኑ ድረስ ጭቃ ለብሶ ሲንገዳገድ ከውሃው ውስጥ ራሳቸውን ብቅ አድርገው ያዩታል። ሎርና ምርኩዟን ተደግፋ በመስኮት እያየች፣ ምን ያህል ጊዜ ተሸነፍክ ብላ ታሾፍበት ነበር። ውስጧ ግን እየፈራ ነበር።

የጉብኝቱ ቀን ደረሰ። ብሪን የምትባለው የድጎማው ቢሮ ሠራተኛ እስከ ብብቷ የሚደርስ የጎማ ሱሪ ለብሳ ወንዙ ዳር ቆመች። ግድቡን ስታይ ፊቷ በራ፣ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ።

“ቨርል፣ ይሄን ማን ሠራው?”

ቨርል በልቡ ቶሎ ቶሎ አሰበ። ቢቨር ነው ካለ ማመልከቻው ሐሰት ሊሆን ነው። ስለዚህ ዓይኑን በጨው አጥቦ “እኔ ነኝ፤ ሥራውን ላቀልላችሁ ብዬ” አላት።

ብሪን ጎንበስ ብላ አንድ ቅርንጫፍ መዘዘች፤ ጫፉ ላይ የጥርስ ምልክት ተደርድሯል። “በጥርስዎ ነው የቆረጡት?” አለችው። ቨርል ሰው ሠራሽ ጥርሱን በምላሱ ዳበስ አደረገ።

“ደግሞም እርስዎ ከሠሩት ይብሳል” ቀጠለች ብሪን። “ውል ሳይፈረም የተጀመረ ሥራ ድጎማ አያገኝም። ያለፈቃድ ወንዝ መገደብም ያስቀጣል።”

“እሺ፣ ቢቨር ነው።”

“ቢቨር ካለ መሳይ አያስፈልግም።”

“ድልድዩስ?”

“ድልድዩ የሚመጣው ከመሳዩ ጋር ነው።”

“ለእውነተኛውስ ምንም የላችሁም?”

“ለእውነተኛው የበጀት ርዕስ የለንም” አለች ብሪን። ይህን ስትል አፍራ መሬት መሬት ታይ ነበር፤ ማፈሯ ግን ድልድይ አይሆንም።

“አንድ ሳምንት ስጪኝ” አላት ቨርል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “አንድም ቢቨር አታገኚም።”

“ይሄን አልሰማሁም” ብላ ብሪን ወደ መኪናዋ ሄደች። ሎርና ግን ከኋላቸው ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ወደ ቤት ገብታ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች።

ውሉ ሳይፈረም ቀረ፤ ቨርልም ወጥመዱን አላወጣም። ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ሻንጣዋን ተሸክሞ መሻገሪያውን አሳለፋት። ክረምቱ ሲገባ ኩሬው ቱቦውንም አፈሩንም ዋጠ። ቨርል ቤቱ የሚገባው በትንሽ ጀልባ እየቀዘፈ ሆነ። ቀን ቀን ሥራ አገኘ፤ ብሪን አዝናለት ይሁን እጁን ወድዳለት እንጃ፣ ጎረቤት ወንዝ ላይ ችካል እየተከለ መሳይ ግድብ እንዲጎነጉን ቀጠረችው። መንግሥት ወንዝ ሲያስተካክል ለአራተኛ ጊዜ መሆኑ ነው።

በጸደይ የቨርል ኩሬ ሣር መስኩን አልፎ ግቢውን ሞላ፤ ጫጩት ሳልሞን ውስጡ እንደ ዝናብ ጠብታ ይፈላ ጀመር። የቢሮው ሰዎች መጥተው ፎቶ አነሡት። የዓመቱ ሪፖርት ሲታተም ሽፋኑ ላይ የወጣው ይኸው ኩሬ ነው፤ ከሥሩ “የፕሮግራማችን ፍሬ” የሚል ተጽፎበታል።

ቨርል ሪፖርቱን ብብቱ ሥር አድርጎ ከተማ ሎርና ዘንድ ሄደ። መነጽሯን አድርጋ ሽፋኑን አየችው። ከኩሬው ወዲያ የገዛ ቤቷ ይታያል።

“አትክልቶቼን ማን ያጠጣቸዋል?” አለችው።

“ውሃው ራሱ።”

ሎርና ሳቀች። ቨርል ሳቋ ናፍቆት ስለነበር አብሯት ሳቀ፤ ከዚያ ግን ቤቱ ያለሷ ቤት እንዳልሆነለት፣ ምሽት ምሽት ብቻውን ሲያወራ ራሱን እንደሚያገኘው ነገራት። እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሎርና እጁን ያዘች።

“አውቃለሁ” አለችው። “እኔ ግን እዚህ በሬን ከፍቼ በእግሬ መውጣት ለምጃለሁ፣ ቨርል።”