ጠራዧ ያነበበችው አንቀጽ

በማተሚያ ቤቱ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። ለሌላው ሁሉ «እትዬ መርፌ» ናት። መጽሐፍ በእጅ የሚጠርዝ ሰው እየጠፋ በመጣበት ዘመን፣ እሷ የሰፋችው መጽሐፍ ወረቀቱ ቢያልቅ እንኳ ስፌቱ አይላቀቅም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም መጽሐፍ ተመልሶባት አያውቅም። ይህንንም ለሰማም ላልሰማም ትናገራለች፤ ማን ይከለክላታል!

ከሦስት ዓመት በፊት ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠርቷት፣ «ከዛሬ ጀምሮ የጥረዛ ክፍል ኃላፊ ነዎት» አላት። ደመወዟ ትንሽ ከፍ አለ፣ በሯም ላይ «ኃላፊ» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። ደስ ብሏት ለእህቷ ደወለች። በወሩ መጨረሻ ግን የትርፍ ሰዓት ክፍያዋ የለም። ብትጠይቅ፣ «ኃላፊ ምን ትርፍ ሰዓት አለው? እርስዎ እኮ የወር ደመወዝተኛ ነዎት» ተባለች።

ኃላፊነቱ ምኑ ላይ እንደሆነ አልገባትም። ያው መርፌ፣ ያው ክር፣ ያው ኮላ። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ሲከመሩ ቅዳሜም እሁድም ትገባለች። የማሽን ክፍሉና የመጋዘኑ «ኃላፊዎች»ም እንደሷው ነበሩ።

አንድ ጠዋት የታጠፉ ወረቀቶች በጋሪ ገቡላት። የአሠሪና ሠራተኛ ደንብ ድጋሚ እትም ነው፤ አምስት መቶ ቅጂ። እትዬ መርፌ የምትሰፋውን ሳታነብ አታልፍም፣ ገጽ መዛነፉን የምታውቀው በዚያ ነውና። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ስትደርስ እጇ ቀጥ አለ። አንድ ሠራተኛ በወር ደመወዝ ስለተቀጠረ ወይም ኃላፊ ስለተባለ ብቻ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አይቀርበትም ይላል፤ የሚቀርበት ሥራው በእርግጥ ሰው መቅጠር፣ ማሰናበትና ማዘዝ ከሆነ ነው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ምን አደረገች? ሥራዋን ቀጠለች። አምስት መቶውንም አንድ ሳይቀር ሰፍታ ስታበቃ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ይዛ ወደ ቢሮ ወጣች።

«ጌታው፣ እኔ ሰው ቀጥሬ አውቃለሁ?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«አባርሬስ?»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። «እትዬ መርፌ፣ መጽሐፍ መስፋትና ሕግ መተርጎም ለየቅል ነው።»

ይህቺ ነገር አንጀቷን አሳረረቻት። ማታ ለባሏ አወራችው። ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ጭቅጭቅ የሚባል ነገር አይወድም።

«ተይው በቃ፣ ሥራሽን እንዳታጪ።»

«እኔን ቢያባርሩ ማን ሊሰፋላቸው ነው?» አለችው።

በማግስቱ ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ማመልከቻ በእጇ ጻፈች። ሌሎቹ ሁለት «ኃላፊዎች»፣ የማሽን ባለሙያውና የመጋዘኑ ሰው፣ አብረዋት ፈረሙ። ወሬው ሲሰማ ሥራ አስኪያጁ ለብቻዋ ጠርቶ፣ «የእርስዎን ልክፈልና ነገሩ እዚሁ ይለቅ» ብሎ ለመናት።

«የፈረምነው ሦስት ነን» ብላ ወጣች።

ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የተላከችው ተቆጣጣሪ ቀጠን ያለች፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ነበረች። ግማሽ ቀን ሙሉ ከእትዬ መርፌ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ ሥራዋን ተመለከተች። ከዚያ ሥራ አስኪያጁን እዚያው አስጠራችው።

«የዚህ ክፍል ሠራተኛ ፈቃድ ሲፈልግ ማነው የሚፈቅድለት?»

«እኔ ነኛ!» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

«የሚቀጥረውስ?»

«እኔ።»

«ማን በየትኛው ቀን እንደሚገባ የሚወስነውስ?»

«እዚህ ቤት ያለ እኔ ፈቃድ ማን...» ብሎ ጀመረና ድንገት አፉን ያዘ። በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ የነበረው የማሽን ባለሙያ ሳቁን ለመደበቅ ሳል አበዛ። ተቆጣጣሪዋ ቀና ሳትል ጻፈች።

በሦስተኛው ሳምንት ውሳኔው መጣ፤ የሦስቱም የሦስት ዓመት ትርፍ ሰዓት ይከፈል። እትዬ መርፌ ደብዳቤውን ቆማ አነበበች፣ ለሁለቱ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፣ ከዚያ ወደ ወንበሯ ተመልሳ ያቋረጠችውን ስፌት ጨረሰች። የዚያን ቀን እንደሷ ቀና ብሎ የሄደ ሰው በመንገዱ አልነበረም። ባሏም ከፊት ወንበር ለተቀመጠ ተሳፋሪ ሁሉ ታሪኩን ሲተርክ ሰነበተ፤ ሁለት ፌርማታ አሳልፏል አሉ።

ሥራ አስኪያጁም ክፉ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ለሠራተኛው አዲስ ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት ረቂቁን ይዞ ወደ ጥረዛ ክፍል ይወርዳል። እሷም መነጽሯን አድርጋ፣ እሱን በእግሩ አቁማ፣ እስከ መጨረሻው መስመር ታነባለች።