ሣሩን ተቀበሉት

አባቴ የአገሪቱን መሪ የሚወዳቸው በቴሌቪዥን ባየው አንድ ነገር ነበር። ሽማግሌ ፊታቸው ሲንበረከክ ማየት አይችሉም፤ ጎንበስ ብለው ክንዱን ይዘው ያነሱታል። አማርኛው ብዙም ስላልሆነ ንግግራቸውን አይከታተልም። እኔ እከታተላለሁ። ፈጣን ናቸው። ሰው የጀመረውን ዓረፍተ ነገር እሳቸው ይጨርሱታል፤ ይጠይቁና መልሱንም ራሳቸው ይሰጣሉ። ግጥም ለሚሞክር ሰው እንዲህ ያለ አፍ ያስቀናል።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር አባቴና አራት ሸማኔዎች የሚሠሩበት የቆርቆሮ ቤት ለመንገድ ማስፋፊያ ይፈርሳል ተባለ። ሸማኔ የሽመና ዕቃውን ነቅሎ መሄድ ይችላል፤ እግሩን የሚያስገባበትን ጉድጓድ ግን ተሸክሞ አይሄድም። ምትክ ቦታም አልተሰጣቸውም። መሪው አርባ ምንጭን ሊጎበኙ መሆኑ ሲሰማ አባቴ ከደጋው፣ ከገረሴ ሁለት ሽማግሌዎች አስጠራ። እርጥብ ሣር ይዘው ሊንበረከኩ ነው። በእኛ በጋሞዎች ዘንድ ሣር ተይዞ የተለመነ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም፤ ቆሞ ይሰማል። ለማኙም መልስ ሳያገኝ ከጉልበቱ አይነሳም።

አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ከሴቻ፣ ከአስተዳደሩ ቢሮ የመጣ የፕሮቶኮል ሠራተኛ ግጥሜን አይቶ፣ ሁለት ስንኝ ሰርዞ፣ ከሽማግሌዎቹ ቀጥዬ እንዳነብ ፈቅዶልኛል። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው።

መኪናው ቆመ፤ አባቴና ሁለቱ ሽማግሌዎች ሣራቸውን ይዘው ተንበረከኩ። አባቴ በጋሞኛ ስለ ቤቱ መናገር እንደጀመረ መሪው ደረሱ።

«አባቴ፣ ይነሱ። መንበርከክ ያለብኝ እኔ ነኝ» አሉና ብድግ አደረጉት። ሣሩን ከእጁ ተቀብለው፣ እንዲህ ያለ አቀባበል የትም አላየሁም እያሉ ፈገግ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አባቴ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ያን ቀን መልስ ጠበቁ።

የፕሮቶኮሉ ሰው ከኋላቸው ቆሞ ዓይኑን ከእኔ አላነሳም።

«እንኳን ደህና መጡ ነው የሚሉት» አልኩ።

ግጥሜን አነበብኩ፤ ተጨበጨበልኝ። ሣሩ ከመሪው እጅ ወደ አንድ ጠባቂ እጅ ሲያልፍ ያየሁት እያነበብኩ ነው።

በማግስቱ አባቴ ለሸማኔዎቹ ዕቃችሁን እንዳትነቅሉ አላቸው። ሣሩን በገዛ እጃቸው ተቀብለዋል፣ ከዚህ ሌላ ምን መልስ አለ? አንዱ ቀልደኛ፣ ጉልበትህ በቴሌቪዥን ከወጣ ከእንግዲህ ከእኛ ጋር ጉድጓድ አትገባም ብሎ አሳቃቸው። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሎደሩ በሦስተኛው ሳምንት ሲመጣ ዕቃው ሁሉ እንደተተከለ ነበር። ከአባቴ ዕቃ የተረፈው ማጉን በድሩ መሃል የሚያሳልፍበት መወርወሪያው ብቻ ነው። ጉድጓዶቹን አፈር ሞላቸው።

አሁን ቤት ውሎ ዜና ያያል። መሪውን አልተቀየማቸውም። ሣር የተቀበለ ሰው አይክድም፤ ከሥር ያሉት ነገሩን ደብቀዋቸው ነው ይላል። ባለፈው ሳምንት መወርወሪያውን እያገላበጠ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣

«አንተማ በደንብ ነግረሃቸው ነበር» አለኝ።