የሞገስ ቤት ጽዋ

የማኅበራችን ጽዋ ከእንጨት የተቀረጸ ነው፤ አፉ ላይ ትንሽ ተሸርፏል። የሚለብሰው ነጭ ጨርቅ ግን ሁልጊዜ አዲስ ይመስላል። ዳር ዳሩ በሰማያዊ ክር የተጠለፈ ሲሆን መሐሉ ላይ መስቀል አለበት። ይህን ጨርቅ ሰፍታ፣ ሲነትብም እየቀየረች የኖረችው ጎረቤቴ ርብቃ ናት። ጽዋውን ግን አንድ ቀን እንኳ ከአፏ አድርሳው አታውቅም።

ርብቃ የመጣችው ከእምድብር ነው። ባሏ ሞገስ የደብረ ታቦር ልጅ ነበር፤ በወጣትነቱ እምድብር ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ሆኖ ሲሠራ አገኛትና በሽማግሌ አግብቶ አመጣት። ስትመጣ ቀጭን ልጅ ነበረች፤ የጉናን ብርድ አልቻለችውም። ክረምት በገባ ቁጥር የሞገስን ካፖርት ደርባ መስኮቱ ሥር፣ ብርሃን ባለበት፣ በእግር በሚረገጠው የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ትውላለች። የሰፈሩ ልጆች የትምህርት ቤት ልብስ፣ የሙሽራው ሱሪ፣ የኛም የሴቶቹ ቀሚስ በእሷ እጅ ያለፈ ነው።

ካቶሊክ መሆኗን ያወቅነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ትጾማለች፤ ታማትባለች፤ ሲያደናቅፋት እንደኛው ማርያምን ትጠራለች። በአገሯ የሚቀደሰው በግዕዝ መሆኑን አንድ ቀን ስትነግረኝ አላመንኳትም ነበር። በኋላ ቁልፍ እየተከለች «እግዚኦ ተሠሃለነ» ስትል ዜማው ከኛው ዜማ አልለይ ሲለኝ አመንኳት።

እሑድ እሑድ ከኔ ጋር እስከ ኪዳነ ምሕረት ትመጣለች። እኔ ወደ ቅጽሩ ስገባ እሷ በሩ አጠገብ ካለው ጽድ ሥር ትቀራለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ እስከ ፍጻሜው ትቆማለች። ለትልልቅ በዓል በሚኒባስ ባሕር ዳር ሄዳ፣ በካቶሊኮቹ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሳ ትመለስ ነበር። መንገዱ አላስተማምን ካለ፣ ጉልበቷም ከደከመ ወዲህ ይኸም ቀረ። ልጇ ቃልኪዳን ግን በሰማንያ ቀኗ እዚሁ ተጠምቃ በኛ ሃይማኖት ነው ያደገችው፤ ከሞገስ ጋር የተስማሙት እንደዚያ ነበር።

ማኅበራችን የማርያም ነው፤ በየወሩ በሃያ አንድ እንሰበሰባለን። ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። የተቀበለው ቤት ንጹሕ ቦታ አስቀምጦ ወሩን ያኖረዋል፤ በቀኑም ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ደፍቶ ያበላል ያጠጣል። ተራው ደርሶ ያልተቀበለ ቤት ከማኅበሩ ይወጣል። በሞገስ ተራ ሞገስ ይቀበላል፤ ጠላውንና ዳቦውን ርብቃ ታሰናዳለች። ጽዋው መዞር ሲጀምር እሷ ማድ ቤት ሥራ ታገኛለች። ማንም አይጠይቃትም ነበር።

ሞገስ ባለፈው ሐምሌ አረፈ። ኪዳነ ምሕረት፣ ከግንቡ አጠገብ ተቀበረ። ያን ቀን ርብቃ ከጽዱ አልፋ ወደ ውስጥ ገባች፤ ማንም አልከለከላትም፤ ሁላችንም ሬሳውን ነበር የምናየው።

ኅዳር ላይ ጽዋው እኔ ዘንድ ገባ። ታኅሣሥ ሃያ አንድ የኔ ድግስ ነው፤ ከኔ ቀጥሎ የሚቀበለው የሞገስ ቤት ነው። ርብቃ ገና ከወሩ መግቢያ ጀምራ ገብስ ነክራ ብቅሏን አዘጋጀች። አንድ ቀን ቤቷ ቁጭ ብዬ ምስር ስለቅም ዓለሚቱ ቀሚሷን ልትለካ መጣች። ዓለሚቱ ማኅበርተኛችን ናት፤ ከኛ በዕድሜ ታንሳለች፣ በአፍ ግን ማንም አይደርስባትም። የተሰጣውን ብቅል አየችው።

«እትዬ ርብቃ፣ ይኼ ብቅል ለማን ነው?»

«ለማርያም።»

«ለየትኛዋ? ለሮማዋ ወይስ ለኛዋ?»

ርብቃ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «እናት ስንት ትሆናለች ዓለሚቱ?»

«ቀልዴን አይደለም። ጋሼ ሞገስ ነፍሳቸውን ይማረውና እሳቸው የኛው ነበሩ። አንቱ እንዴት አድርገው ጽዋ ይቀበላሉ? አያቶቻችን ‹ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ› ያሉት እኮ በዚሁ አገር ነው።»

«እኔ ያኔ አልነበርኩም» አለች ርብቃ። «በይ ክንድሽን ዘርጊ፣ እጅጌው እንዳያጥርብሽ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ዓለሚቱም ክንዷን እንደዘረጋች ሳቀች። ሲለካላት ግን «ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ ለመምሬ ይሻው እነግራቸዋለሁ» አለች።

ነገረቻቸውም። መምሬ ይሻው የማኅበራችን ቄስ፣ የሞገስም የንስሐ አባት ነበሩ። በሳምንቱ ቃልኪዳንን አስከትለው መጡ፤ ርብቃ አጥሩን አሻግራ ጠራችኝና እኔም ሄድኩ። ቃልኪዳን በር ላይ ቁጭ አለች፤ አቀርቅራ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥራለች።

«ልጄ፣» አሉ መምሬ፣ «ነገሩ ከባድ አይደለም። ተማሪ፣ ተጠመቂ፤ ከዚያ ጽዋውን በገዛ እጅሽ ትቀበያለሽ። ቀንሽ ሲደርስም ከሞገስ ጎን ታርፊያለሽ።»

«ተጠምቄያለሁ እኮ አባቴ። እናቴ በዝናብ አዝላ ወስዳ ነው ያስጠመቀችኝ። በጸሎተ ሃይማኖት ‹በአንዲት ጥምቀት እናምናለን› ትሉ የለም? እኛም እንላለን። ዛሬ ሌላ ብጠመቅ ያቺ ምን ልትባል ነው?»

መምሬ አልተቆጡም። መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «ሐዋርያው ‹አንድ ጌታ፣ አንድ ሃይማኖት፣ አንዲት ጥምቀት› ነው ያለው። ሃይማኖቷ ከጥምቀቷ ትቀድማለች። በሃይማኖት ሳንስማማ በጥምቀት አንድ ነን ብንል እየተሸነጋገልን ነው።»

ርብቃ ጣቷ ላይ ያለውን የስፌት ቆብ አውልቃ መልሳ አጠለቀችው።

«ይህን መመለስ አልችልም» አለች። «ስለ ሮሙ ጳጳስም ቢጠይቁኝ አላውቅም። በልጅነቴ እናቴን ጠይቄያት ‹አባ ያውቁታል› አለችኝ። አንዳንድ ቀን ከጽዱ ሥር ቆሜ፣ ቅዳሴው ይኸው አንድ ነው፣ እኔን እዚህ ያቆመኝ ምንድን ነው እላለሁ። መልስ አላገኘሁለትም። ግን ያቺ ጥምቀት ጥምቀት አልነበረችም በይ ካላችሁኝ፣ እናቴ ያን ሁሉ ዝናብ በከንቱ ሄዳለች ማለት ነው። እሱን አልልም።»

«እማ፣» አለች ቃልኪዳን፣ ቀና ብላ፣ «አንቺ ስትሞቺስ? ማን ይፈታሻል? የት ልውሰድሽ እኔ?»

«አሁንስ የት ነኝ ልጄ? ባሕር ዳር አልደርስ፣ ኪዳነ ምሕረት አልገባ። እምድብር የሚያውቀኝ ሰው አልቋል።»

መምሬ ይሻው ተነሡ። «ሥርዓቱን እኔ አልሠራሁትም» አሉ በቀስታ። «ብሠራው ኖሮ ይቀለኝ ነበር።» ሲወጡ ርብቃ መስቀላቸውን ተሳለመች፤ እሳቸውም አልከለከሏትም።

ታኅሣሥ ሃያ አንድ ማኅበሩ ቤቴ ተሰበሰበ። ጾም ስለሆነ ንፍሮና የጾም ወጥ ነበር። ርብቃ ከጠዋት ጀምሮ ስታግዘኝ ዋለች። ጽዋው ሲዞር እንደ ልማዷ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆመች፤ የጠላውን ጆግ በሁለት እጇ ይዛለች። ዞሮ አለቀ። መምሬ ጸሎት አድርሰው ጽዋውን በጨርቁ አለበሱና ቆሙ።

«ተረኛው የሞገስ ቤት ነው» አሉ።

 ቃልኪዳን እናቷን አየቻት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እሺ ትላለች ብላ ተስፋ አድርጋ እንደነበር ፊቷ ላይ ይታያል።

«እንግዲህ ይለፍ» አለች ዓለሚቱ። «ለቀጣዩ ቤት ይሰጥ።»

ርብቃ ጆጉን መሬት አስቀመጠች። እጇን በመቀነቷ ጠረገች። «ቃልኪዳን ትቀበል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ተራው የአባቷ ነው። ቤቱም የአባቷ ነው፤ በስሟ ይሁንና ጽዋው እዚያው ይደር። እኔ የለሁበትም።»

መምሬ ቃልኪዳንን ጠበቁ። ልጅቱ አልተነሣችም። እሷ ከተቀበለች እናቷን ተጠመቂ ብላ የምትለምንበት ነገር ከእጇ ይወጣል፤ ካልተቀበለች የአባቷ ቤት ከማኅበሩ ይወጣል። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆየች። በኋላ ተንበርክካ እጇን ዘረጋች፤ መምሬም ሰጧት። እልልታው ሲነሣ ርብቃም አብራ እልል አለች።

«ጠላውንስ ማን ሊጠምቀው ነው?» አለች ዓለሚቱ።

«እስከ ዛሬ በሞገስ ተራ ስትጠጪ የኖርሽው የማንን ይመስልሻል?» አሏት መምሬ። «ሁለተኛ ዋንጫም ትጠይቂ ነበር።»

ሰው ሳቀ። ዓለሚቱም «እሱስ እጃቸው ደግ ነው» አለች።

በማግሥቱ ርብቃ ቤት ስገባ ጽዋው መስኮቱ ሥር፣ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ በዚያ በጠለፈችው ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። የስፌት መኪናው ከጓዳው በር ጎን፣ ጨለማው ጥግ ተገፍቷል።

«ዓይንሽስ?» አልኳት።

«እሱ ንጹሕ ቦታ ይፈልጋል። ለአንድ ወር ነው።»

አቧራ እንዳይነካው ጠረጴዛውን ዙሪያውን ትወለውላለች። ጽዋውን ግን የምታነሣው ቃልኪዳን ናት፤ ማታ ከሥራ ስትመለስ። ጥር ሃያ አንድ ድግሱ ያማረ ነበር። ሰዉ «የቃልኪዳን ቤት ይባረክ» ብሎ መረቀ፤ ርብቃ ጆጓን ይዛ ከበር ሆና አሜን አለች። ከዚያ ቀጣዩ ተረኛ ጽዋውን ተቀበለና በእልልታ አጅበነው ሄድን።

የካቲት ላይ የተተረተረ ቀሚሴን ይዤ ሄድኩ። መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ባዶ ነው፤ ተወልውሏል። መኪናው ግን ያው ጨለማው ጥግ ነው፤ እሷም ከኋላው።

«ምነው አልመለስሽውም?»

«ተራው ሲመለስ ደግሞ ማንሣት ነው» አለች።

ተራው የሚመለሰው ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ይህን እሷም ታውቃለች። ከጥጉ እጇን ዘርግታ መርፌና ክር አቀበለችኝ። «እስቲ አንቺ አስገቢልኝ፤ ከዚህ ሆኜ አይታየኝም» አለች። ወደ መስኮቱ ሄጄ ክሩን አስገባሁላት።