አንድ ገመድ፣ አንድ መሬት

ቅድም ወለሉ ላይ ተንበርክከሽ የቤት ሥራሽን ስትሠሪ፣ አንዱን ሳጥን ቀጭንና ረጅም፣ ሌላውን አራት ጎኑን እኩል በእኩል አድርገሽ ስትስዪ አየሁና፣ እኔ ፊደል ባልቆጥርም ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ ብልሽ ሳቅሽብኝ። እንግዲህ የሳቅሽበትን ራስሽ ጻፊው።

ደርግ በገባ በስንተኛው ዓመት እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ እኔ ነጠላ ማጣፋት የጀመርኩ ሰሞን ነው። ቀበሌው ከኮልፌ ዝቅ ብሎ ወንዙ ዳር ያለውን ባዶ መሬት ጎመን ትከሉበት ብሎ ለኛና ለጎረቤታችን ለእትዬ ሙሉ ሰጠን፤ እኩል ተካፈሉ አለ እንጂ እንዴት እንደምንካፈል አልነገረንም። የእድራችን ዳኛ ጋሼ ታደሰ የድንኳኑን ገመድ ይዘው መጡና፣ ሁለቱን ጫፍ ቋጥረው፣ አራት ችካል ተክለው መጀመሪያ የእትዬ ሙሉን ዞሩበት፤ ሜዳው ላይ ስለነበር እኩል በእኩል ሆኖ ወጣ። ከዛ ያንኑ ገመድ አንስተው የኛን ዞሩት፤ የኛ ከሷ ቀጥሎ በወንዙና በሰፈሩ አጥር መሃል ስለሆነ እንደ መቀነት ቀጥኖ ረዘመ። ገመዱ ገጠመ። ጋሼ ታደሰ "አንድ ገመድ፣ አንድ መሬት" ብለው መረቁ፣ ሁላችንም አሜን አልን። እኛ ሰፈር የዞረው ገመድ እኩል ከሆነ መሬቱም እኩል ነው፤ ሌላ የሚል ሰው አልነበረም።

ታናሽ እህቴ ጽጌ ግን ሰባተኛ ክፍል ነበረች። እኔ የበኩር ልጅ ስለሆንኩ ከእናቴ ጋር እቤት ቀርቼ፣ ትምህርቱ የደረሰው ለእሷ ነው። ከተማሪ ቤት መጥታ ዩኒፎርሟን እንኳ ሳታወልቅ፣ አጥሩን ተደግፋ ስታይ ቆየችና፣ "አባዬ፣ ገመዱ እንጂ መሬቱ እኩል አይደለም። ስፋት የሚገኘው ቁመቱ በወርዱ ሲባዛ ነው" አለች።

የአባቴ ፊት ጠቆረ። ሽማግሌ የመረቀውን ማፍረስ ነውር ነው፣ እናቴ ደግሞ የእትዬ ሙሉን ልጅ ክርስትና አንስታለች። "ይሄን ነው የሚያስተምሩሽ? ሽማግሌ መዝለፍ? በቃ፣ ከነገ ጀምሮ ከእህትሽ ጋር ውሃ ትቀጃለሽ" አላት። አባቴ ያለውን የሚያጥፍ ሰው አልነበረም፤ እናቴም ይህን ስለምታውቅ መሬት መሬቱን ታይ ጀመር።

ጽጌ አላለቀሰችም። ገመዱን ከችካሎቹ አወጣችና፣ ባንዱ በኩል እኔን፣ በሌላው በኩል ራሷን በወገባችን አስገብታ፣ "ጋሼ፣ እስቲ መሃሉ ይግቡ" አለቻቸው። እሳቸውም ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡ። እኔና እሷ ወደ ኋላ ስንስብ ገመዱ ከግራም ከቀኝም እየተጠጋ፣ እየተጠጋ መጥቶ ሽማግሌውን ሆዳቸው ላይ ጥርቅም አድርጎ ያዛቸው።

"ገመዱ ያው ነው፣ ጋሼ። መሬቱ የት ገባ?" አለች።

መጀመሪያ የሳቀችው እትዬ ሙሉ ናት። "ወይ ጋሼ ታደሰ፣ በገዛ ገመድዎ ታሰሩ" ብላ ሄዳ በኛ በኩል ያሉትን ሁለት ችካሎቿን በገዛ እጇ ነቀለች። "በሰው ድርሻ የበቀለ ጎመን እየበላሁ ጾምኩ አልልም" አለችና ወደ ራሷ መሬት ገባ አድርጋ ተከለቻቸው፤ ድንበሩ ሰፋልን። ጋሼ ታደሰም ከገመዱ ሲወጡ ሱሪያቸውን እያራገፉ፣ "ይቺን ልጅማ ውሃ አታስቀዷትም" አሉ።

ሁሉም አባቴን አየ። እሱ ወንዙን እያየ፣ "እሺ፣ ትማር። ውሃ የምትቀዳ አንድ ትበቃኛለች" አለ።

ጽጌ ተምራ አስተማሪ ሆነች፤ አሁን የለችም። ጋሼ ታደሰም እትዬ ሙሉም አፈር ለብሰዋል፣ መሬቱም ላይ ፎቅ ቆሟል። ድንበር የሚገፋ እንጂ የራሱን ችካል ነቅሎ ወደ ውስጥ የሚተክል ሰው ከዛ ወዲህ አላየሁም።

የዛን ማግስት ጽጌ ደብተሯን ይዛ ሽቅብ ወደ ተማሪ ቤት ሄደች፣ እኔ ዶማ ይዤ ቁልቁል ወደ ወንዙ። መሬታችን ሰፍቶ ነበርና፣ እስኪመሽ ቆፈርኩ።